ኩፍኝ ከልጃችን ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ምን ይሠራል?

«ከጠዋቱ በ2 ሰዓት ተሰልፌ፣ የግማሽ ቀን ደመወዜን አስቆርጬ፣ አንድ መርፌ እንኳ ሳይወጉት ጠብታ ነገር አፉ ውስጥ ጨምረውለት መለሱን!»

ይህን ያለችኝ በአንድ ግቢ የምንኖር፣ በልብስ ስፌት ፋብሪካ በፈረቃ የምትሠራ የሁለት ልጆች እናት ናት። አራት ዓመት የሞላው ወንድ ልጇ ሦስት ቀን ሙሉ ሲያተኩሰው፣ ሲያስለውና ዓይኑ ሲቀላ ሰንብቶ፣ በአራተኛው ቀን ከጆሮው ኋላ የጀመረ ቀይ ሽፍታ ፊቱን፣ ከዚያም ደረቱንና ሆዱን ወረሰው። በጤና ጣቢያው የተመለከተችው ሲስተር በሽታው ኩፍኝ መሆኑን ነገረቻት፤ ቫይታሚን ኤ ሰጠችው፤ ሁለተኛውን በማግሥቱ መጥቶ እንዲወስድ ቀጠረችው። ፈሳሽ በብዛት እንዲጠጣና ምግብ እንዳይከለከል መክራም አሰናበተቻቸው። እናትየዋ ግን የጠበቀችው ይህን አልነበረም። «ባለፈው ዓመት ለቶንሲሉ ያዘዙለት ሽሮፕ ግማሹ ቁም ሣጥን ውስጥ አለ። እሱን ብሰጠውስ?» አለችኝ።

በውኃ የተበጠበጠ የልጆች አንቲባዮቲክ ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በላይ እንደማይቆይ ነግሬ ጠርሙሱን አስጣልኳት። ይሁን እንጂ ጥያቄዋ በዚህ ብቻ የሚመለስ አልነበረም። አዲስ መድኃኒት ቢሆንስ ኖሮ? ይህን ያህል የሚያንገላታ በሽታ እያለ ሐኪሞች መድኃኒት የሚነፍጉት ለምንድን ነው? የብዙ እናቶች ጥያቄ በመሆኑ በዛሬው ዝግጅታችን ቫይረስ የሚባለው ነገር ከሰው ሕዋስ ውስጥ እንዴት እንደሚገባና ከገባም በኋላ እንዴት እንደሚራባ በኩፍኝ አማካይነት እናያለን።

እንደሚታወቀው ሰውነታችን የተሠራው በዓይን ከማይታዩ እጅግ ብዙ ሕዋሳት ነው። እያንዳንዱ ሕዋስ ጓዳዋ እንደተሟላላት ቤት ሊታይ ይችላል። በዙሪያው ከስብ የተሠራ ስስ ሽፋን አለው፤ ይህ አጥሩ ነው። በመካከሉ የሥራው መመሪያ ሁሉ የተጻፈበት እምብርት አለ። ከዚያ መመሪያ እየተቀዱ የሚወጡ ትእዛዞችን እያነበቡ ለሰውነት የሚያስፈልገውን ፕሮቲን የሚሠሩ ራይቦሶም የሚባሉ ደቃቅ ምድጃዎችም አሉት። ባክቴሪያ የምንላት ተሕዋሲም ብትሆን ከእኛ ሕዋስ እጅግ ታንሳለች እንጂ የራሷ ጓዳ ያላት ፍጡር ናት። ትመገባለች፤ ታድጋለች፤ ለሁለት እየተከፈለች ትራባለች።

ቫይረስ ግን ጓዳ የለውም። አይመገብም፤ አይተነፍስም፤ ብቻውን ቢቀመጥ አንድ ተጨማሪ ቫይረስ እንኳ መውለድ አይችልም። የኩፍኙ ቫይረስ ያለው ሀብት ቢቆጠር አርኤንኤ የሚባል አንድ ቀጭን ክር ብቻ ነው፤ በላዩ ላይ የተጻፉት ፊደላት 15,894 ናቸው። በአንድ የሰው ሕዋስ እምብርት ውስጥ የሚገኘው አንድ ሙሉ መመሪያ ወደ ሦስት ቢሊዮን የሚጠጋ ፊደል አለው። ክሩ በፕሮቲን ተጠቅልሎ በላዩ ላይ የስብ ካባ ደርቧል፤ ካባውም ቢሆን ቀደም ሲል ከወጣበት ሕዋስ ላይ የወሰደው እንጂ የራሱ ሥራ አይደለም። በአጭሩ የኩፍኝ ቫይረስ የእንጀራ አጋገር የተጻፈበት ብጣሽ ወረቀት ብቻ ይዞ፣ ጤፉንም፣ እርሾውንም፣ ምጣዱንም፣ ማገዶውንም ከሰው ቤት የሚጠብቅ እንግዳ ነው። ትልቅነቱን ማወቅ ለሚፈልግም፣ ከ3,000 የሚበልጡ ቫይረሶች ጎን ለጎን ተደርድረው አንዲት ሚሊሜትር ይሞላሉ።

እንግዲህ ይህ እንግዳ ወደ ቤት እንዴት ይገባል? በሩ ዝም ብሎ አይከፈትለትም። በካባው ላይ ሁለት ዓይነት ፕሮቲኖች እንደ እሾህ ቆመዋል። አንደኛው ኤች ይባላል፤ ሥራው እንደ ቁልፍ ነው። ሁለተኛው ኤፍ የሚባለው ነው፤ እሱ ደግሞ አጥር ሰባሪው ነው። ቁልፉ የሚገጥመው ጓጉንቸር በሕዋሱ ሽፋን ላይ መኖር አለበት። እ.ኤ.አ. በ2000 የጃፓን ተመራማሪዎች እንዳረጋገጡት ኩፍኝ መጀመሪያ የሚፈልገው ጓጉንቸር ስላም ይባላል፤ ስሙ ከእኛ ሰላም ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ይህ ጓጉንቸር የሚገኘው ደግሞ በየትኛውም ሕዋስ ላይ ሳይሆን ሰውነታችንን ከበሽታ በሚጠብቁት በነጭ የደም ሕዋሳትና በዘመዶቻቸው ላይ ነው። ሌባ መጀመሪያ የሚገባው ከዘበኞቹ ቤት ነው እንደ ማለት ነው። ይህን ስሰማ እጅግ ገርሞኛል፤ የኩፍኝን ክፉነትም ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳው ይኸው ይመስለኛል።

ኤች ከጓጉንቸሩ ጋር እንደ ተያያዘ ኤፍ ይነሣል። ተጠቅልሎ እንደ ቆየ ሽቦ ተፈትቶ ይዘረጋና ጫፉን ከሕዋሱ ሽፋን ላይ ይሰካል፤ ተመልሶም ሲታጠፍ የቫይረሱን ካባና የሕዋሱን ሽፋን አቀራርቦ ያጣብቃቸዋል። ሁለቱም ከስብ የተሠሩ ስለ ሆኑ ወጥ ላይ የሚንሳፈፉ ሁለት የዘይት ጠብታዎች ተነካክተው አንድ እንደሚሆኑት ሁሉ ይዋሐዳሉ። ካባው ከውጭ ይቀራል፤ ክሩ ወደ ውስጥ ይዘልቃል።

አሁን ያ ብጣሽ ወረቀት ከጓዳ ገብቷል። የእኛ ሕዋስ ከአርኤንኤ ላይ ሌላ አርኤንኤ የሚገለብጥ እንዲህ ያለ መሣሪያ ስለሌለው፣ ኩፍኝ ይህን አንድ መገልበጫ ብቻ ከራሱ ጋር ይዞ ይመጣል። መገልበጫው ከክሩ ላይ አጫጭር ትእዛዞችን ያወጣል። ምድጃዎቹ ትእዛዙ የቤቱ ባለቤት ይሁን የሌባ ለይተው አያውቁም፤ የመጣላቸውን አንብበው ይሠራሉ። በሕዋሱ ስንቅና ጉልበት የቫይረሱ ቁልፎች፣ አጥር ሰባሪዎችና መጠቅለያዎች ይመረታሉ። መጠቅለያው ሲበዛ ክሩ ራሱ በሙሉው ይገለበጣል። አዲሶቹ ቫይረሶች ከሕዋሱ ሽፋን ሥር ተሰብስበው፣ ከዚያው ሽፋን ለየራሳቸው ካባ እየቀደዱ ይወጣሉ። እያንዳንዱም ሌላ ቤት ፍለጋ ይሄዳል። አንዳንድ ጊዜ ውጭ መውጣትም አያስፈልገውም፤ አጥር ሰባሪው በተያዘው ሕዋስ ላይ ስለሚበቅል ጎረቤታሞቹን ሕዋሳት አጣብቆ አንድ ትልቅ ፍርስራሽ ቤት ያደርጋቸዋል።

በቫይረስ የተያዘ ሕዋስ ኢንተርፌሮን የሚባል ንጥረ ነገር ረጭቶ ጎረቤቶቹን «ሌባ ገብቷል፣ በራችሁን ዝጉ» የሚልበት መንገድ አለው። የኩፍኝ ቫይረስ ግን ይህን ጩኸት የሚያፍኑ ፕሮቲኖችንም በዚያው ጓዳ ያሠራል። ልጁ ቫይረሱን ከተነፈሰበት ጊዜ አንሥቶ ትኩሳት እስኪጀምረው ድረስ አሥር ቀን ያህል ደኅና መስሎ የሚጫወተውም በዚሁ ምክንያት ጭምር ነው። በነዚያ ቀናት ቫይረሱ ከሳንባ ውስጥ በያዛቸው ጠባቂ ሕዋሳት ተጭኖ ወደ ንፍፊቶች ይሄዳል፤ እዚያ ይራባል፤ በደም ተሳፍሮም ወደ ቆዳና ወደ ሌሎች ብልቶች ይደርሳል።

መውጫ በሩ ደግሞ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የታወቀው ኔክቲን-4 የሚባል ሁለተኛ ጓጉንቸር በአየር ቧንቧ ሽፋን ሕዋሳት ላይ፣ ያውም በጀርባ በኩል ይገኛል። ቫይረሱ ከሰውነት ውስጥ መጥቶ በጓሮ ይገባና በፊት ለፊት፣ አየር ወደሚተላለፍበት ይወጣል። በዚህ ጊዜ ልጁ ያስላል፤ ያስነጥሳል። የታመመ ልጅ ከነበረበት ክፍል ከወጣ በኋላ እንኳ ቫይረሱ በአየሩ ውስጥ እስከ ሁለት ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ካልተከተቡና ከዚህ ቀደም ካልታመሙ አሥር ሰዎች ውስጥ ለበሽተኛው ከቀረቡት ዘጠኙ ይያዛሉ። መተላለፉ የሚጀምረውም ሽፍታው ከመውጣቱ ከአራት ቀን በፊት ነው። በግቢያችን «ምች እንዳይመታው» ተብሎ መስኮቱ ተዘግቶ፣ ልጆቻቸውን ያዘሉ ጎረቤቶች ሊጠይቁ ገብተው ቡና ሲጠጡ ሳይ ያስጨነቀኝ ይኸው ነበር። ብርሃን ዓይኑን ስለሚያመው መጋረጃ መጋረድ ደግ ነው፤ መስኮቱን መዝጋት ግን ሌላ ነገር ነው።

የግቢያችን አንጋፋ እናት «ተዉት፣ ይውጣለት፤ የሚብሰው ሳይወጣ ሲቀር ነው» አሉ። በሽፍታው ነገር እንኳ ከእውነት የራቁ አይደሉም። ሽፍታው ቫይረሱ ራሱ ቆዳን በመብላቱ የሚመጣ ሳይሆን፣ ዘግይተው የነቁት የሰውነት ተከላካዮች በቆዳ ውስጥ የተያዙትን ሕዋሳት ሲያጠቁ የሚታይ የውጊያ ምልክት ነው። የመከላከል ኀይላቸው እጅግ የደከመባቸው ሕሙማን አንዳንዴ ሽፍታ ሳይወጣባቸው በጽኑ ይታመማሉ። እኚሁ እናት ቀደም ባለው ዘመን ሴት ልጆቿን የምትቆጥረው ኩፍኝ ካለፈ በኋላ እንደ ነበረም ነገሩን። ክትባቱ በሰፊው ከመሰጠቱ በፊት በዓለም ላይ በየዓመቱ 2.6 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በኩፍኝ ይሞቱ ስለነበር አባባሉ የሐዘን ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 እንኳ የሞቱት 107,500 ያህል እንደሚሆኑ የዓለም የጤና ድርጅት ገምቷል፤ አብዛኛዎቹም ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆነ ልጆች ናቸው።

አሁን ወደ ጎረቤቴ ጥያቄ እንመለስ። ፔኒሲሊንና ዘመዶቹ ባክቴሪያን የሚገድሉት የራሷ የሆነውን፣ እኛ የሌለንን ግድግዳ እንዳትሠራ በማድረግ ነው። ሌሎቹ አንቲባዮቲኮችም የሚመቱት የባክቴሪያዋን የራሷን ጓዳ፣ ብዙውን ጊዜም የራሷን ምድጃ ነው። ኩፍኝ ግድግዳም ጓዳም የለው። የሚሠራው በልጃችን ጓዳ፣ በልጃችን ምድጃ ነው። መርፌው ገብቶ የሚመታው ነገር አያገኝም፤ ምድጃውን እንምታ ብንል የምንመታው ልጁን ነው። ሲስተሯ መድኃኒት የነፈገች ሳይሆን የሚጠቅመውን ነው የሰጠችው። ኩፍኝ የሰውነትን የቫይታሚን ኤ ክምችት ያሟጥጣል። ቫይታሚኑም የዓይንን መስታወትና የሳንባን ሽፋን ለማደስ አስፈላጊ ስለሆነ፣ በሁለት ተከታታይ ቀናት ሲሰጥ ከዕውርነትና ከሞት ያተርፋል።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። በሳምንቱ ልጁ ጆሮውን ይዞ ሲያለቅስ አደረ፤ ጠዋት መግል ፈሰሰው። እናትየዋ እንደገና አስፈቅዳ ወሰደችው። በዚህ ጊዜ ያችው ሲስተር አንቲባዮቲክ አዘዘችለት። «ባለፈው አይሠራም ብላችሁኝ አልነበር? አሁን ምን ተገኘ?» ብላ ተቆጥታ ወደ እኔ መጣች፤ እውነት ለመናገር እኔም መልሱን ይዤ አልጠበቅኳትም። በማግሥቱ ራሴ ሄጄ ሲስተሯን ጠየቅኋት። በተራቆተው ሽፋን ላይ ባክቴሪያ ገብታ ስለነበር፣ ባለ ጓዳዋ ባክቴሪያ ደግሞ በመድኃኒቱ ስለምትሞት ነው። በኩፍኝ ጦስ የሚመጡት የሳንባ ምችና የጆሮ መቁሰል ብዙ ጊዜ እንዲህ ያሉ ናቸው። ስለዚህ ልጁ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ቢጀምር፣ ጡት ወይም ምግብ እምቢ ቢል፣ ቢንቀጠቀጥ ወይም አልነቃ ቢል ሌሊትም ቢሆን ወደ ሕክምና መውሰድ ነው፤ «ኩፍኝ ነው፣ ያልፋል» ተብሎ አይታደርም።

ሲስተሯ አያይዛ ያስጠነቀቀችኝ ነገር አለ፤ ልጁ ከዳነ በኋላም ለብዙ ጊዜ በቶሎ ሊታመም ይችላል። ከላይ እንዳልነው ቫይረሱ የሚራባው ከዘበኞቹ ቤት ነው። ከእነዚያ ሕዋሳት መካከል ከዚህ በፊት ያጋጠሙ በሽታዎችን መልክ የሚያስታውሱ ይገኙበታል፤ እነሱ ሲያልቁ ትዝታውም አብሮ ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ ጥናት በኔዘርላንድስ ያልተከተቡ የ77 ልጆች ደም ኩፍኝ ከመያዛቸው በፊትና ከያዛቸው በኋላ ተመርምሮ ነበር። ልጆቹ ቀደም ሲል ለሌሎች በሽታዎች ካካበቷቸው መከላከያዎች ውስጥ ከ11 እስከ 73 በመቶ የሚደርሰው ጠፍቶ ተገኝቷል። ኩፍኝ የራሱን መልክ ብቻ ያስተምርና የሌሎቹን ያስረሳል ማለት ነው። የጎረቤቴ ልጅ ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተቅማጥ ይዞት ነበር። ከኩፍኙ ጋር ስለመያያዙ እርግጠኛ መሆን ባይቻልም እናቱ ውኃውን እያፈላች ማጠጣቱን አላቋረጠችም።

ታዲያ ከገባ በኋላ የሚያስወጣው መድኃኒት ከሌለ የሚቀረው መንገድ በሩ ላይ መያዝ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ። እ.ኤ.አ. በ1954 በአሜሪካ ቦስተን ከተማ ቶማስ ፒብልስ የተባለ ሐኪም ዴቪድ ኤድመንስተን ከሚባል ኩፍኝ ከያዘው ተማሪ ደም ወሰደ። የሥራ መሪው የነበሩት ጆን ኤንደርስ ቫይረስ እንደ ባክቴሪያ በሾርባ እንደማይበቅል፣ ሕያው ሕዋስ እንደሚያስፈልገው ጠንቅቀው የሚያውቁ ሳይንቲስት ነበሩ። ቫይረሱን በብልቃጥ ውስጥ በሕያው ሕዋሳት ላይ አራቡት፤ በኋላም በጫጩት ሽል ሕዋሳት ላይ ደጋግመው እያሻገሩ የሰው በሽታ ማድረሱን እስኪረሳ አዳከሙት። በዚህ መንገድ የተሠራው ክትባት እ.ኤ.አ. በ1963 ፈቃድ አገኘ። በአገራችንም የተስፋፋው የክትባት ፕሮግራም በ1972 ዓ.ም. ሲጀመር ኩፍኝ ከተካተቱት በሽታዎች አንዱ ነበር። የተከተበ ሰውነት ቁልፉን፣ ያን ኤች የሚባለውን አስቀድሞ ስለሚያውቀው፣ እውነተኛው ቫይረስ ሲመጣ ፀረ እንግዳ አካላት ቁልፉ ላይ ይጣበቁበታል፤ ጓጉንቸሩን ሳይነካ ይቀራል።

የጎረቤቴ ልጅ በዘጠኝ ወሩ ተከትቦ ነበር። ይህ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ እንግለጸው። በዘጠኝ ወር ከሚከተቡ 100 ልጆች 85 ያህሉ መከላከያ ያገኛሉ፤ 15ቱ አያገኙም፤ የትኞቹ እንደ ሆኑ ደግሞ በመልክ አይለይም። በአገራችን እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በ15 ወር የሚሰጠው ሁለተኛው ክትባት እነዚህን ለመድረስ ነው። ጎረቤቴ ለሁለተኛው ሄዳ ነበር። «ዛሬ ልጅ አልሞላም፣ ሌላ ቀን ተመለሺ» ተባለች። ምክንያቱ ለክፋት አይደለም። ክትባቱ ሕያው ስለ ሆነ በቀዝቃዛ ቦታ ይጠበቃል፤ ከተበጠበጠ በኋላም ከስድስት ሰዓት በላይ አይቆይም። አንዱ ብልቃጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ ለአሥር ልጆች የሚበቃ ነው። ነገር ግን በሰዓት የሚከፈላት እናት ሁለተኛ ጊዜ ማስፈቀድ ምን ያህል እንደሚከብዳት ብልቃጡን የያዘው ሰው ሊያስብበት ይገባል። ለአንድ ልጅ ሲባል ዘጠኝ ሰው የሚበቃው ክትባት ቢደፋ ይሻላል እላለሁ፤ ያ አንድ ልጅ ላይመለስ ይችላልና። ካልሆነም የክትባቱ ቀን የትኛው እንደ ሆነ በር ላይ ተጽፎ ቢለጠፍ ብዙ እናት ከከንቱ ምልልስ ትድናለች።

ውድ አንባብያን፣ በዚያች አንድ ክፍል ቤት ውስጥ የአምስት ወር ሕፃንም ነበረች። ወንድሟ ከማሳሉ በፊትም ሆነ በኋላ አብራው ተኝታለች። አንድ ልጅ ለኩፍኝ በተጋለጠ በሦስት ቀን ውስጥ ቢከተብ ክትባቱ ቫይረሱን ሊቀድመው ይችላል፤ ይህም ግን ከስድስት ወር በላይ ላሉ ልጆች ነው፤ ለእሷ ዕድሜዋም ቀኑም አልፈቀደም። ሁላችንም ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰውነቷን እየዳሰስን ጠበቅን። እናቷ ሌሊት በተነሣች ቁጥር ባትሪ አብርታ ጆሮዋን ኋላ ታይ ነበር።

ሕፃኗ አልታመመችም። እናትየዋ ራሷ በልጅነቷ ኩፍኝ ይዟት ነበርና፣ በእርግዝና ጊዜ በእንግዴ ልጅ በኩል የተላለፉላት ፀረ እንግዳ አካላት ገና አላለቁባትም ማለት ነው። ክትባቱ ከዘጠኝ ወር በፊት እንደ ደንቡ የማይሰጠውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የእናቲቱ መከላከያ የተዳከመውን ቫይረስ ገና ከበሩ ያስቀረዋል፤ ሰውነትም ሳይማር ይቀራል። ያ ስጦታ ግን በየወሩ እየሳሳ የሚሄድ ነው። ወረርሽኝ በገባበት አካባቢ ከስድስት ወር ጀምሮ አንድ ተጨማሪ ክትባት የሚሰጥበት ጊዜ አለ፤ እሱ ግን የዘጠኝና የ15 ወሩን አይተካም።

ትናንት ማታ ጎረቤቴ ከፈረቃ ስትገባ ጠርታ የክትባት ካርዱን አሳየችኝ። ሲስተሯ የኩፍኝ ክትባት የሚሰጠው በሳምንት በየትኛው ቀን እንደ ሆነ በካርዱ ጀርባ ጽፋላታለች። ያ ቀን የጎረቤቴ የጠዋት ፈረቃ ነው። ከእሷ ጋር በአንድ ማሽን መስመር የምትሠራ ጓደኛዋ ፈረቃ ልትቀይራት ተስማምታለች፤ ወንድየውም የቀረበትን ሁለተኛውን ያን ቀን አብሮ እንዲወስድ ሲስተሯ ነግራታለች። «ልጅ አልሞላም ካሉኝ አልወጣም፤ እዚያው እቀመጣለሁ» አለችኝና ካርዱን በላስቲክ ጠቅልላ ቁም ሣጥኑ ውስጥ፣ ሽሮፑ በነበረበት ቦታ አስቀመጠችው።